በሩ ድንጋይ ያላት ኤሊ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ላም የለበትም። ተረት ተረት ስላችሁ «በሩን ክፈት» በሉኝ።

ተረት ተረት።

በሩን ክፈት።

እንግዲህ እናንተ ካላችሁ ልሞክረው።

*

ድንጋይ በሚሰማበት፣ በርም በሚናገርበት ዘመን አንድ ምንጭ ነበረ። ምንጩ ዙሪያውን በሾህ ታጥሯል። አጥሩ አንድ መግቢያ አለው። መግቢያው ላይ አንድ ያረጀ ውሻ ይተኛል። ስሙ አባ ማነው ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሁሉ አብዝቶ የተናገረው አንድ ቃል ስለሆነ፣ ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ።

«ማነው?» ይላል ውሻው።

«እኔ ነኝ» ትላለች ፍየል።

«እለፊ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» ይላል ጃርት።

«እለፍ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» ይላል አያ ጅቦ ድምፁን አቅጥኖ።

«አንተማ አንተ ነህ» ይለውና ጥርሱን ያሳየዋል። አያ ጅቦም የሄደበት ሌላ ጉዳይ እንደነበረው ሁሉ መንገዱን ይቀጥላል።

እናንተም በየቤታችሁ እንዲሁ ናችሁ። በር ሲንኳኳ «ማነው?» ትላላችሁ። ውጪ የቆመው «እኔ ነኝ» ይላል። እኔ ማለት ማን እንደሆነ አይናገርም። እናንተም አትጠይቁትም። ትከፍታላችሁ።

*

ከዕለታት አንድ ቀን እመት ጦጢት ከከተማ ተመለሰች። ከተማ ምን ትሠራ እንደነበር ሲጠይቋት «ሲስተም ላይ ነበርኩ» ትላለች። ሲስተም ዛፍ ይሁን ጣሪያ የጠየቃት የለም።

«ውሻ ያረጃል። ውሻ ይተኛል። ውሻ ይታመማል» አለች እንስሳቱን ሰብስባ። «እኔ ያመጣሁላችሁ በር አያረጅም። አይተኛም። አይታመምም።»

«ይጮኻል?» አለች ፍየል።

«አይጮኽም። በትሕትና ነው የሚናገረው።»

«ይነክሳል?» አለ ጃርት።

«እሱንም በትሕትና።»

እንስሳቱ ተያዩ። አዲስ ነገር ሲመጣ «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራል። ሁሉም ገባኝ አሉ። አባ ማነው ተመሰገነ፣ ተጨበጨበለት፣ ከመግቢያው ተነሥቶ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ሄዶ ተኛ። በሩ ተተከለ። መዝጊያው ለስላሳ ነው፣ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ የሚያበራ ዓይን አለው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ እንስሳ፣ በግም ሳትቀር፣ ለበሩ የሚነግረውን የራሱን የምሥጢር ቃል እየመረጠ ለጦጢት ነገረ። ጦጢት ቃሉን በፊደል ትጽፋለች፣ በሩም ይውጠዋል። ኤሊ እንደ ልማዷ ከሁሉ ኋላ ደረሰች።

«የአንቺ ቃል ምን ይሁን?» አለች ጦጢት።

«በር ላይ የሚባለው ነዋ። ሰላም።»

«እሱ እኮ በጣም ቀላል ነው።»

«ከባዱን ጀርባዬ ላይ ይዤዋለሁ። ቃሉ እንኳ ይቅለለኝ።»

ጦጢት ጻፈችው። ጦጢት ስትጽፍ ኤሊ አላየቻትም። ብታያትም ፊደል አልቆጠረችም።

*

ኤሊ የምትኖረው ከምንጩ ራቅ ብሎ ካለ ኩሬ ዳር ነው። ጎረቤቷ እንቁራሪት ናት። ኤሊ ዝምተኛ፣ እንቁራሪት ለፍላፊ፤ እንዲህ ሆነው ነው የተዋደዱት።

በጋው ከረረ። ኩሬው መጀመሪያ ሳህን አከለ። ቀጥሎ ማንኪያ አከለ። ቀጥሎ ምራቅ ሆነ።

«እትዬ ኤሊ» አለች እንቁራሪት በማለዳ፣ «ኩሬያችን የት ሄደ?»

«ወደ ሰማይ።»

«እኛስ ወዴት እንሂድ?»

«ወደ ምንጩ።»

«አንቺ ችለሽ ትቆያለሽ። የኔ ቆዳ ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። ዛሬ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ውኃ ውስጥ ካልገባሁ ደርቄ ቁርበት እሆናለሁ። ለዚያውም ለመቀመጫ የማይበቃ ቁርበት።»

«ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

«በአንቺ እግር? የምንደርሰው እኮ ለሚመጣው ክረምት ነው።»

«ካልወጣሽ ደግሞ ለክረምቱም አንደርስም።»

እንቁራሪት ወጣች። ኤሊ ተራመደች። እንቁራሪት መንገዱን ሁሉ ቀለደች፤ የጉንዳን ሰልፍ ሲቀድማቸው «ዳር ይዘሽ ንጂ፣ ተሽከርካሪ ይለፍ» አለች። ኤሊ ግን እግሯን አነሣች፣ አስቀመጠች። እግሯን አነሣች፣ አስቀመጠች። ጥላቸው አጥሮ ከሥራቸው ሲገባ ከምንጩ አጥር ደረሱ።

*

በሩ ተዘግቷል። ከደጁ ላይ ፍየልና ጃርት ተቀምጠዋል። የፍየል ከንፈር ተልጧል።

«ምነው ከውጪ ተቀመጣችሁ?» አለች ኤሊ።

«ጦጢት ቃሌን ቅጠል ላይ ጽፋ ሰጠችኝ» አለች ፍየል። «ምሥጢር ነው፣ ማንም እንዳያየው አለችኝ።»

«እና?»

«በላሁት።»

ጃርት ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳ ቃሌን አልረሳሁም። በሩ ነው፣ ቃልህ ደካማ ነው፣ ሌላ አምጣ የሚለኝ። ቁጥር ይኑረው አለኝ፣ ጨመርኩ። ሾህ ይኑረው አለኝ። ሾህ እንግዲህ ከኔ በላይ ማን ይጨምር? አሁን ደግሞ ከትናንትናው ጋር ይመሳሰላል አለኝ። ተውኩት።»

«ተውከው?»

«እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? በር ነው።»

ኤሊ አልፋቸው ሄደች። ማለፏ ራሱ ረጅም ጊዜ ስለወሰደ፣ ሲያዩዋት ቆዩ። ከበሩ ፊት ቆመች።

«ሰላም» አለች።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ በሩ። ድምፁ ቅቤ ነው። «እባክዎ ቃልዎን ይናገሩ።»

«ተናገርኩ እኮ። ሰላም።»

«በየትኛው ሰ?»

«ምን አልክ?»

«ሰላም ያሉት በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ?»

*

ፊደል የቆጠራችሁ ታውቃላችሁ። እሳት የሚጻፍበት ሰ አለ። ንጉሥ የሚጻፍበት ሠ አለ። አፍ ላይ አንድ ናቸው፣ ወረቀት ላይ አይተዋወቁም።

የሰላምታ ባለቤት ግን አፍ ነው። መንገድ ላይ ሰላም ያላችሁን ሰው በየትኛው ሰ ብላችሁ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? ብትጠይቁት ዳግመኛ ሰላም ይላችኋል?

*

ዋርካው በወፍ ተሞልቷል። የወፎቹ ሥራ ማየትና ስላዩት መናገር ነው። የእህል ወቅትም ቢሆን፣ የጎጆ ወቅትም ቢሆን፣ ሥራቸው ይኸው ነው።

«ሰላም የሚጻፈው በእሳቱ ነው» አለች እርግብ። «ከጥንት ከግዕዙ ጀምሮ።»

«ማን ጠየቀሽ?» አለ ግንደ ቆርቁር። «ሕዝቡ የሚጽፈው በንጉሡ ነው።»

«ሕዝቡ ተሳስቷል።»

«አያችሁ? ሕዝብ ናቀች።»

«ናቀች» አሉ ከበስተግራ ያሉት ቅርንጫፎች።

«ትክክል ተናገረች እንጂ» አሉ ከበስተቀኝ ያሉት።

«እኔ የምለው» አለ ጭልፊት ከላይ፣ «ይኼ ጥያቄ ለምን ዛሬ ተነሣ? ከጀርባው ማን አለ?»

«ከጀርባው እንኳ እኔ አለሁ» አለች እንቁራሪት ከኤሊ ጀርባ ላይ። «እየደረቅሁ ነው።»

አንዲት ድንቢጥ ሰማቻት። «ኧረ እንቁራሪቷ እየደረቀች ነው» ብላ ተናገረች። የመለሰላት የለም። ድንቢጧም ትንሽ ጠብቃ የእሳቱን ወገን ተቀላቀለች።

ጦጢት ከዋርካው መሐል ተንጠልጥላለች። ኤሊ አንገቷን ሰቅላ ጠየቀቻት።

«እመት ጦጢት፣ በየትኛው ነው የጻፍሽልኝ?»

«የዚያን ቀን ደስ ባለኝ ነዋ።»

«የትኛው ደስ አለሽ?»

«እንዲህ ያለው ጥያቄ የግል ሕይወቴን ይነካል» አለችና ወደ ላይ ወጣች።

ኤሊ አሰበች። የሰላምታ ነገር ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ የእሳት ነው።

«በእሳቱ» አለች።

«ይቅርታ፣ ስህተት ነው» አለ በሩ። «አንድ ዕድል ይቀርዎታል።»

በቀኝ በኩል ያሉት ወፎች ላባቸውን ማበጠር ጀመሩ። በግራ ያሉት አጨበጨቡ።

«ተከፈተ?» አለች እንቁራሪት።

«አልተከፈተም።»

«እንመለስ?»

«አንመለስም። በንጉሡ ነው» አለች ኤሊ ወደ በሩ ዞራ።

«ትክክል ነው» አለ በሩ። እንቁራሪቷ በቀረቻት ጉልበት አንድ ጊዜ ዘለለች።

«እባክዎ አሁን ደግሞ ድንጋይ አለመሆንዎን ያረጋግጡ።»

*

«ድንጋይ አይደለሁም» አለች ኤሊ።

«ድንጋይም እንዲሁ ሊል ይችላል። እባክዎ ሥዕሎቹን ይመልከቱ። ኤሊ ያለችበትን ይምረጡ።»

ትልቁ ዓይን ውስጥ ትንንሽ ሥዕሎች ተደረደሩ። አቧራማ፣ ጭጋጋማ፣ ሁሉም እብጠት እብጠት ያለባቸው። ኤሊ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ይቺ።»

«ስህተት። ድንጋይ ነው።»

«ኧረ አክስቴ ናት። ራሷን አስገብታ ነው።»

«ራሷን ያላሳየች ኤሊ ድንጋይ ናት። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

«እንዲህ ከሆነ ያቺኛዋ። ራሷም እግሯም ይታያል።»

«ስህተት። እሷ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ኤሊ አይደለሁም?»

«እሱን ነው እስካሁን እያጣራን ያለነው» አለ በሩ። «እባክዎ አይቀየሙ። ቀለል ያለ መንገድ አለ። ይንቀሳቀሱ። ድንጋይ አይንቀሳቀስም።»

ኤሊ ቀኝ እግሯን አነሣች። ሽቅብ አወጣችው። ወደፊት ዘረጋችው።

«ጊዜው አልቋል። አልተንቀሳቀሱም።»

«እግሬ እኮ አየር ላይ ነው።»

«እኔ የሚታየኝ ፈጣን ነገር ብቻ ነው።»

ፍየል ከኋላ ሳቀች፣ ግን ደረቅ ከንፈሯ ስለተሰነጠቀ ሳቋን አቋረጠች። ከዋርካው ሥር አባ ማነው ተነሣ። እያነከሰ መጥቶ በሩ ፊት ቆመ።

«ኤሊ ናት» አለ። «ድምጿን አውቃለሁ። አረማመዷን አውቃለሁ። እናቷንም አሳልፌያለሁ። ምስክር እሆናለሁ።»

«እናመሰግናለን» አለ በሩ። «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው።»

«እና ትከፍታለህ?»

«በጣም ውድ ነው።»

አባ ማነው ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ወደ ዋርካው ሥር ተመለሰ። አልተኛም ግን። ተቀምጦ ማየት ጀመረ።

«ተከፈተ?» አለች እንቁራሪት። ድምጿ የቅጠል ድምፅ ሆኗል።

«አልተከፈተም።»

«እንመለስ?»

«አንመለስም።»

*

«የመጨረሻ መንገድ አለ» አለ በሩ። «ወደ ቤትዎ በቁራ ኮድ እልካለሁ። ኮዱን ተቀብለው ይንገሩኝ። ይህ የሾህ ጥላ ያንን ጠጠር ከነካ ግን ኮዱ አይሠራም።»

ወዲያው ከበሩ ጉልላት ላይ ቁራ ተነሣ። በአፉ ቅጠል ይዟል። በኤሊ አናት ላይ ሲያልፍ ክንፉ ጥላ ጣለባት።

«ቁራ፣ ኧረ ቁራ» አለች ኤሊ። «እዚህ ነኝ።»

«አይቼሻለሁ» አለ ቁራ ቅጠሉን ነክሶ። «መልእክቱ ግን ለቤትሽ ነው።»

«ቤቴ ይኸውልህ፣ ጀርባዬ ላይ ነው።»

«የተመዘገበው ቤትሽ ኩሬው ነው።»

«ኩሬው ደርቋል።»

«ለደረቀ ኩሬ ማድረስ አልተከለከለም።»

ሄደ። ቅጠሉን በተሰነጠቀው ጭቃ ላይ ጣለ። ተመለሰ። ጉልላቱ ላይ አረፈና «ደርሷል» አለ። የሾሁ ጥላ ጠጠሩን ነካ።

«ይቅርታ» አለ በሩ። «የኮዱ ጊዜ አልፏል። ሁሉንም መንገድ ሞክረናል። ውሳኔያችን ይህ ነው፦ እርስዎ ድንጋይ ነዎት። ስለመጡ እናመሰግናለን።»

ትልቁ ዓይን ተከደነ።

*

«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለ ግንደ ቆርቁር።

ቃሉ ተወደደ። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ዘለለ። በቀኝ ያሉት ደገሙት፣ በግራ ያሉት ደገሙት፤ በሰ የተጣሉት በዚህ ታረቁ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እያሳጠሩትም መጡ። እንቦጭ። እንቦጭ። ማን እንደጀመረው ጠፋ። ማነው ሲባል ሁሉም እኔ ነኝ አለ።

እንቁራሪት አልሳቀችም። ዓይኗን ግማሽ ከድናለች።

«እትዬ ኤሊ» አለች፣ «አንድ ጥሩ ቀልድ ነበረኝ።»

«ንገሪኝ።»

«ደረቀብኝ።»

ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘቅዝቃለች። ኤሊ የተከደነውን ዓይን አየች። ዋርካውን አየች። ፍየልንና ጃርትን አየች።

«እሺ» አለች። «ድንጋይ ነኝ።»

«አመነች» አሉ ወፎቹ። «በመጨረሻ አመነች።»

ኤሊ ወደ በሩ ተጠጋች። እግሯን አነሣች፣ አስቀመጠች። አፍንጫዋ መዝጊያው የሚከፈትበትን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ ተጠጋች። ከዚያ ራሷን አስገባች። እግሮቿን አስገባች። ዝም አለች። እንቁራሪት ጀርባዋ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ተለጥፋለች።

«እትዬ ኤሊ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«በሩ ያለኝን እየሆንኩ ነው።»

*

ጅብ በቀን አይወጣም ትሉኝ ይሆናል። ጅብ ቀኑን የሚፈራው መግቢያው ላይ ውሻ ስላለ ነበር።

አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ሆዱን እያሸ፣ እያፏጨ መጣ። ፍየል ወደ ጃርት ሾህ ተጠጋች። አያ ጅቦ ግን አላያትም። ጉዳዩ ከበሩ ጋር ነው።

«በግ ነኝ» አለ። «ቃሌ ሣር።»

ትልቁ ዓይን ተገለጠ፣ በራ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ በግ። እርስዎን ሁልጊዜ አስታውስዎታለሁ። የሚያረጋግጡት ምንም ነገር የለም።»

በሩ ተከፈተ።

ለኤሊ የቀራት አንድ እርምጃ ብቻ ነው። እግሮቿን አወጣች። ተራመደች። ደፉ መሐል ላይ ቆመች። ራሷን አስገባች፣ እግሮቿን አስገባች።

«ተነሺ ከመንገዴ» አለ አያ ጅቦ።

«ድንጋይ አይነሣም» አለች ኤሊ ከውስጥ።

አያ ጅቦ ጠርዟን ነከሰ። ጥርሱ ቀጭ አለ። አፉን ይዞ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። በሩም ወይዘሮ በግ የገቡ መስሎት ተመልሶ መጣ።

ጓ።

የኤሊ ጀርባ ላይ አረፈ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ኃይሉን ጨምሮ መጣ።

ጓ።

«እባክዎ» አለ በሩ፣ «መግቢያው ላይ ድንጋይ አለ። እባክዎ ድንጋዩን ያንሡ።»

ጓ።

እናንተ በነፋስ ቀን በራችሁ እንዳይዘጋ ምን ታደርጋላችሁ? ድንጋይ ታስደግፋላችሁ። ከድንጋዩ ስም ትጠይቃላችሁ? አትጠይቁም። በሩስ ከድንጋዩ ቃል ይጠይቃል? እሱም አይጠይቅም።

*

«ውረጂ» አለች ኤሊ።

«አንቺስ?» አለች እንቁራሪት።

«እኔ ከተነሣሁ ይዘጋል። ውረጂና ግቢ።»

«እግሬ አይታዘዘኝም።»

«የኔም ታዝዞኝ አያውቅም። አንሺው፣ አስቀምጪው።»

እንቁራሪት ከኤሊ ጀርባ ወደ ውስጥ ተንሸራተተች። ጠጠሩ ላይ ወደቀች። ከደፉ እስከ ምንጩ ለፍየል አንድ ዝላይ ነው። ለደረቀች እንቁራሪት ግን አገር ነው። አንድ እግሯን አነሣች። አስቀመጠችው።

በውጪ በኩል አያ ጅቦ እንደገና ተነሣ። «አንቺን ገልብጬ ነው የምገባው» አለ። እግሩን ወደ ኤሊ ሲሰድ ከጎኑ ትኩስ ትንፋሽ ተሰማው።

«ማነው?» አለ አባ ማነው።

«እኔ ነኝ» አለ አያ ጅቦ ድምፁን አቅጥኖ። «ወይዘሮ በግ ነኝ። ከፈለግህ በሩን ጠይቀው።»

«አንተማ አንተ ነህ» አለ ውሻው፣ የቀረውንም ጥርስ አሳየው። ፍየል ቀንዷን አስተካከለች። ጃርት ሾሁን ሁሉ አቆመ፣ «ይኼኛው ሾህ ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አለ። አያ ጅቦ የሄደበት ሌላ ጉዳይ እንደነበረው ሁሉ መንገዱን ቀጠለ።

ጓ፣ አለ በሩ። ጓ። ኤሊ ዝም። እያንዳንዱ ምት አጥንቷ ውስጥ ይገባል። ከውስጥ የሚታያት ጨለማ ነው። ጆሮዋን ብቻ አቁማ አንድ ድምፅ ትጠብቃለች። ጠጠር ሲንከባለል ሰማች። ቆመ። እንደገና ተንከባለለ። ቆመ። ከዚያ ምንም አልሰማችም።

 ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እንቁሬ» አለች ኤሊ።



ጓ።

«እንቁሬ።»

እንቦጭ።

*

«እትዬ ኤሊ» የሚል ድምፅ ከምንጩ መጣ። እርጥብ ድምፅ ነው።

«አቤት።»

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ» አለች ኤሊ።

«እንመለስ?»

«ዝም በይና ጠጪ፣ ለፍላፊ።»

ዋርካው ላይ እንቦጭ የሚለውን ቃል የደገመው የለም።

ፍየል በኤሊ ላይ ተራምዳ ገባች፣ «ይቅርታ እትዬ» እያለች። ጃርት ሾሁን ሰብስቦ በጥንቃቄ አለፈ። እርግብና ግንደ ቆርቁርም ጎን ለጎን ቆመው ጠጡ፣ በየትኛው ሰ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ አባ ማነው ከመንገድ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ በአፍንጫው እየገፋ አመጣ። ከኤሊ ጎን ደፉ ላይ ተከለው። ኤሊም ቀስ ብላ ወጥታ፣ ቀስ ብላ ወደ ምንጩ ወረደች፣ ቀስ ብላም ጠጣች።

በሩ ተመልሶ መጣና ድንጋዩን ነካው። ትልቁ ዓይን ተገለጠ። አየ፣ አጣራ፣ አሰበ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ኤሊ» አለው ድንጋዩን። «እርስዎን ሁልጊዜ አስታውስዎታለሁ።»

አባ ማነው ከድንጋዩ አጠገብ ተኛ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጣውን «ማነው?» ይላል። የመጣውም «እኔ ነኝ» ይላል። በሩም አሁን ድረስ እባክዎ ይላል፣ ግን የሚሰማው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ስለዚህ እናንተም፦ ሰላም ላላችሁ ሰላም በሉት። ድንጋይ ያላችሁት ደፋችሁ ላይ ይቀመጣል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውኃ አርሱ።